ማታ ማታ ተቀባው

ቡሬ መገንጠያው፣ ወደ ነቀምት መውጫ፣
ከጎማ ቤት ቀጥሎ፣ ከሹፌሮች መቀመጫ፣
እጄ በብረት ላይ ፊደሉን ቆጠረ፣
በይበልጣል ጋራዥ፣ ጣሪያው በጠቆረ።

በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ከባሕር ዳር ተጭኖ፣
ይመጣል ኦክስጅኑ፣ በአይሱዙ ተከድኖ፤
ሰማያዊ ሲሊንደር፣ ከእኔ የረዘመ፣
ትከሻው እንደ ሰው፣ አፉ የታተመ።
ጫኞቹ ዱብ ሲያደርጉት አሮጌ ጎማ ላይ፣
ይበልጣል ይጮሃል፦ «ሰው አይደላችሁም ወይ!
ቀስ! እንደ አራስ ልጅ ደግፋችሁ ያዙት፤
አንገቱ ቢቀነጠስ፣ ሦስት ግንብ አያቆሙት።»

«ውስጡ ምን አለበት?» አልሁት አንድ ማለዳ።
«አየር» አለኝ። ሳቅሁ፤ አየር ምኑ ዕዳ?
ጤፍ ልናዘራ ቆመን ስንለምነው ውሎ፣
ገለባ አያነሳም፣ ይቀራል ቸል ብሎ።

«ሞኝ! የዋህ ሰው አታውቅም፣ ዓመት ሙሉ ውጦ፣
አንድ ቀን የሚተነፍስ፣ ቤቱን ገለባብጦ?
መቶ ሃምሳ እጥፍ ነው ያፈኑት፣ የጠቀጠቁት፤
እንኳን አየር፣ በግም ይዋጋል እንዲህ ካስጨነቁት።»

ከዚያ ሕጉን ነገረኝ፣ ቆሞ፣ በችኮላ፦
በሰንሰለት እሰረው፤ ቆቡን አትርሳ፤ ኋላ
ከፊቱ ዞር በል፣ ቀስ እያልህ ክፈት፤
እጅህን በኦሞ ታጠብ፣ ከመንካትህ በፊት።
ታጠብ አለኝ እንጂ፣ ለምን አላለኝም፤
የታላቅ ቃል ነውና፣ ለምን አላልሁትም።

እናቴ ቅቤ ሻጭ ናት፣ ከሽንዲ መንገድ ዳር፤
በእኛ ቤት ያለ ቅቤ የሚሽር የለም ነገር።
ጠፍር ቢደርቅ ቅቤ፣
የበር ማጠፊያ ቢጮህ ቅቤ፣
የልጅ ግንባር ቢፋጅ ቅቤ።
ብረት የሰነጠቀው መዳፌ ሲደማ አይታ፣
በላስቲክ ቋጥራ ሰጠችኝ፣ «ማታ ማታ
ተቀባው» ብላ።

ኅዳር ነበር። ተሳቢ መጣ፣ ጎኑ ተሰብሮ፤
ሹፌሩ እላዬ ቆሟል፣ ፊቱን አጥቁሮ።
ይበልጣል ምሳ ሄዷል። የመቆጣጠሪያው
ጥርስ አልገጥም አለ፣ ብለው ብሠራው።
ከኪሴ አወጣሁ። በጣቴ ጫፍ፣ ጥቂት፣
እንደ ሕፃን ራስ አሸሁት፣ በደግነት።
ገባ። ዙር በዙር፣ ሳያጉረመርም ገባ።
ኮራሁ።

ይበልጣል መጣ፣ አፉን በእጁ ጀርባ እየጠረገ።
«አንተ ዞር በል» አለኝ።
ራሱ ከፈተው።

ድምፁን አላስታውስም።
ነጭ ብርሃን ነበር።
ናስ እንደ ጧፍ ሲነድ ያን ቀን አየሁ።

የመለኪያው መርፌ ከሳምንት በኋላ ተገኘች፣
ከወይዘሮ ትርንጎ ግቢ፣ በርበሬ ማስጫ ሸራ ላይ፤
ስንቱን ቁጥር ስትጠብቅ የኖረች ቀጭን መርፌ
ከዛላው ጋር ተቀላቅላ፣
ምንም ላይ ሳትጠቁም።

ባሕር ዳር ሆስፒታል፣ ካልጋው ራስጌ፣
ያው ሲሊንደር ቆሟል፣ በሰንሰለት ታስሮ፤
ካሣ ሊከፍል እንደመጣ ሰው፣ አንገቱን ደፍቶ፣
ቀስ እያለ
ትንፋሽ ይሰጠዋል።
አንድ ዓይኑ በፋሻ፤ ሦስት ጣቱ የለም።
በቀረችው ዓይን ፊቴን አላየም፤
እጄን አየ።
«ታጥበሃል?» አለኝ።
ሌላ አላለኝም፣ እስኪሞት ድረስ፣
አሥራ ሁለት ዓመት።

ዛሬ ጋራዡ የእኔ ነው። ለማጄን፣ አጉማስን፣
ሕጉን ሳልነግረው በፊት ለምኑን እነግረዋለሁ፦
ያ የታፈነ ኦክስጅን ቅባት ካገኘ
ክብሪት አይለምንም፤
ቅባቱም ይነዳል፣ ብረቱም ይነዳል፣ የከፈተውም።
«ሰማሁ፣ ጋሼ። ትናንትም ሰምቻለሁ።»
ይስማ። ነገም እነግረዋለሁ።

እናቴ አርጅታለች።
የዚያን ቀን ነገር ማንም አልነገራት።
እጄን ገልብጣ ስንጥቁን ታያለች፤
አሁንም፣ በየፋሲካው፣
በላስቲክ ቋጥራ
ቅቤ ትልክልኛለች።